«ቆሻሻ ቻይ ስጠኝ!»

እናላችሁ ባለፈው ጳጉሜ ለጉዳይ ዳንግላ ሄጄ ከአንድ ቀለም ሱቅ በር ላይ ተራ ስጠብቅ ነበር። ዘመን ሊለወጥ ሁለት ቀን ስለቀረው ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። ከፊቴ የቆሙት ጎልማሳ ተራቸው ሲደርስ ለባለሱቁ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቆሻሻ ቻይ ስጠኝ»። ባለሱቁም «የትኛውን?» አላላቸውም። ገብቶታል። እጁን ሰደድ አድርጎ አንድ ጋሎን ቡናማ ዘይት ቀለም አወረደላቸው። ሂሳብ ከፍለው፣ አመስግነው ሄዱ።

ልብ በሉልኝ፤ ሰውዬው ቀለም አልጠየቁም። ቀለም የጠየቀ ሰው ነጭ ይላል፣ ቢጫ ይላል፣ ሰማያዊ ይላል። እሳቸው የጠየቁት መደበቂያ ነው። ቆሻሻውን የሚያጠፋ ሳይሆን ቆሻሻው እያለ የማያሳይ ነገር። አልፈርድባቸውም፤ ምክንያቱም እኔም እዚያ የቆምኩት እሱኑ ልገዛ ነው። አባቴ ነው የላከኝ። «ያው እንደተለመደው፣ ቆሻሻ ቻዩን» ብሎ።

ዛሬ ጠብ የምፈልገው ከዚህች ቃል ጋር ነው። እኔ የምለው፦ እኛ ዘንድ ክረምት ላይ የሚጨልመው ሰማዩ አይደለም፤ ቤታችን ነው። ያጨለምነውም እኛው ነን፤ ያውም ገንዘብ ከፍለን፣ መርጠን፣ ተራ ጠብቀን።

እንጅባራን (ኮሶበርን ብትሏትም ያስኬዳል) የማታውቁ ካላችሁ፣ ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። ዝናቡ ግንቦት ላይ ይጀምርና ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ሌላው አገር ቡሄ ሲመጣ ክረምት አለቀ ብሎ ችቦውን ያበራል፤ ለእንጅባራ ሰው ቡሄ ገና የመንገዱ አጋማሽ ነው። ጭጋጉ ጠዋት ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ይሄድ ይመስላል፣ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን የቱሪዝም መፈክር ያወጡት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሐምሌን እዚህ ከርመው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሦስቱን ወር ይቀንሱልን ነበር እላለሁ።

በዚህ ወቅት የእኛን አገር ወጣት «እንዴት ነህ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ደብሮኛል»። ምን ሆነህ? «እንጃ፣ ክረምቱ ነው መሰለኝ»። ክረምቱ ነው! ክረምት እንግዲህ መልስ አይሰጥ፣ ችሎት አይቆም፣ ሁሉን ጥፋት ይሸከማል።

በርግጥ ክረምትና ስሜት ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚመላለስ የድብርት ሕመም እንዳለ ጽፎ ዓለም ተቀበለው። ሕክምናውም ብርሃን ሆነ። በሽተኛው ጠዋት ጠዋት 10,000 ሉክስ ከሚሰጥ መብራት ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። (ሉክስ ማለት አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው።) ግን ይሄ የነሱ ታሪክ ነው። ሄልሲንኪ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ የምትባለው ከተማ ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ ጭራሽ አትወጣባትም። እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ነን፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ «የሰሜኖቹ በሽታ ይዞኛል» ብላችሁ እንዳታስቁብኝ።

የሚያናድደኝ ታዲያ ይሄው ነው። እነሱ ሰማዩ ነፍጓቸው ነው። እኛስ? ሰማይ በደመና በተሸፈነበት ቀን እንኳ እኩለ ቀን ላይ ደጅ ብትቆሙ የሚያርፍባችሁ ብርሃን 10,000 ሉክስ አካባቢ ይሆናል፤ ጠቁሮ ሲዘንብም በሺዎች ነው የሚቆጠረው። የፈረንጅ ሐኪም በመሣሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ማለት ነው፤ እንጅባራ ሰማይ ላይ በነፃ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወደ ቤት ግቡ። የላሜራው መስኮት ብርድ ብሎ ተዘግቷል። ግድግዳው ቡናማ ነው። ኮርኒሱ በጢስ ጠቁሯል። አንዲት አምፖል መሐል ላይ ተንጠልጥላለች። እዚያ ውስጥ የምታገኙት ጥቂት አሥሮች ሉክስ ነው። አላምንም ያለ ስልኩ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ይጫንና ከደጅ ወደ ጓዳ ይመላለስ። ስልክ እንደ ላቦራቶሪ ዕቃ ትክክለኛ ባይሆንም ልዩነቱን ለማየት ትክክለኛነት አያስፈልግም።

ዓይናችን ለማየት ብቻ እንዳልተሠራ የታወቀው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ በ2002 ተመራማሪዎች ዓይን ውስጥ ሌላ ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ እንዳለ አሳዩ፤ ሥራው ለአእምሮ «ነግቷል፣ መሽቷል» ብሎ መንገር ነው። በ2022 ደግሞ የዘርፉ ሊቃውንት ተሰባስበው ልክ አወጡለት። ለዚህ ሕዋስ በተሰላው ሉክስ መሠረት ቀን ላይ ዓይናችን ጋ ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ከ10 ያልበለጠ፣ ስንተኛ ከ1 ያልበለጠ ይድረስ አሉ። እኛ የምናደርገውን ተመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ በድንግዝግዝ እንውላለን። ማታ ሲሆን ያቺን ሰማያዊ የሚያደርጋትን ነጭ አምፖል አብርተን፣ ስልካችንን አፍንጫችን ሥር ወትፈን እስከ ስድስት ሰዓት እናፈጣለን። ቢጫ አምፖል «የድሮ» ተብሎ ተንቋል። ቀናችን ሌሊት፣ ሌሊታችን ቀን። ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጠዋት መነሳት አቃተኝ፣ ክረምቱ ነው» ይባላል።

የአክስቴ ልጅ ስቶክሆልም ትኖራለች። ታኅሣሥ ላይ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትገባለች። በቪዲዮ ስታወራን ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ነጭ፣ ኮርኒሱ ነጭ፣ መስኮቱ ግድግዳውን የሚያክል ነው። እናቴ የመጀመሪያ ቀን አይታ «ልጄን ሆስፒታል አስገብተዋት ነው እንዴ?» ብላ ደንግጣለች። ሆስፒታል አይደለም፤ ሰዎቹ ጠብ የምትለውን ብርሃን እንኳ ላለማባከን ያደረጉት ነው። ዑሜዮ በምትባል የስዊድን ከተማ በ2012 የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ላይ የብርሃን ሕክምና መብራት ገጠሙ፤ ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ አብሮ ይታከም ብለው። ሪዩካን የምትባለው የኖርዌይ ከተማ ደግሞ በተራራ ተከባ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ አታይም ነበር። በ2013 ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ሦስት ትላልቅ መስታወቶች ተክለው ፀሐይዋን መልሰው አደባባይ ላይ አወረዷት! ፀሐይ የሌላቸው ተራራ ወጥተው ሲያወርዷት፣ እኛ ደጃችን ድረስ የመጣችውን በላሜራ እንዘጋባታለን።

ስለ ቀለሙ ሂሳብ እንሥራ፤ ቀላል ነው። ከመስኮት የገባ 100 ብርሃን ግድግዳ መታ እንበል። ንጹሕ ነጭ ቀለም ከ100ው ወደ 80 የሚሆነውን ይመልሳል። ያ 80 ሌላውን ግድግዳ ሲመታ 64 ይመለሳል፤ ከዚያ 51፣ ከዚያ 41 እያለ ይቀጥላል። ተመላሹ በሙሉ ሲደመር 400 ይሆናል። አሁን ጠቆር ያለውን ቆሻሻ ቻያችሁን አምጡ። እሱ ከ100ው 20 ቢመልስ ነው። ከ20ው 4፣ ከ4ቱ አንድ የማይሞላ፣ አለቀ። ድምሩ 25። 400 ለ25፤ አሥራ ስድስት እጥፍ! እርግጥ ይሄ ሁለመናው አንድ ቀለም በተቀባ ባዶ ሳጥን ላይ የተሠራ ሂሳብ ነው፤ አልጋና ቁምሳጥን ባለበት እውነተኛ ቤት ልዩነቱ ያንሳል። አቅጣጫው ግን አይቀየርም። መስኮት ሳትጨምሩ፣ አምፖል ሳትቀይሩ፣ ቆጣሪ ሳይቆጥርባችሁ ነው ይህ ሁሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። «ሰማያዊ ያረጋጋል፣ ቀይ ያስቆጣል፣ አረንጓዴ ያስታርቃል» የሚሉትን የቲክቶክ ባለሙያዎች እየደገፍኩ አይደለም። አብዛኛው የሻጭ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ በ1979 ሲያትል በሚገኝ የባሕር ኃይል እስር ቤት አንድ ክፍል ሮዝ ቀብተው «እስረኞች ተረጋጉ» ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። ቆየት ብሎ በጥንቃቄ ሲሞከር እንዲያ የሚል ውጤት አልተገኘም። የኔ ክርክር ሮዝ ወይስ ሰማያዊ አይደለም። ብርሃን ይመልሳል ወይስ ይውጣል ነው።

ወደ ላሜራው ልመለስ፤ እሱ ላይ ቂም አለኝ። ተማሪ ሳለሁ ዳንግላ ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል ተከራይቼ ነበር። መስኮት የላትም፤ የላሜራ በር ብቻ። በሩን ከከፈትኩ ዝናብና ብርድ፣ ከዘጋሁ ድቅድቅ ጨለማ። አንድ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት አብርቼ ሳነብ አከራዬ በሩን ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ በጠራራው ቀን መብራት ምን ያደርግልሃል?»

«እትዬ፣ አይታየኝም እኮ።»

«ቀን ነው እኮ! ቀን ላይ የማይታይህ ታመህ እንደሆነ ታከም።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ለበዓል ጠላና ዳቦ ይዘው የሚመጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን ያቺን ክፍል ሲያሠሩ ለሰው መኖሪያ ሳይሆን ለሰው ማስቀመጫ ነው ያሠሯት። ዲከረንስ ተክሎ፣ አክስሎ፣ ከሰል ሸጦ ከተማ ቤት የሠራው ሁሉ ያንኑ ደግሞታል፤ በአንድ ግቢ አሥር ክፍል፣ አሥር የላሜራ በር፣ ዜሮ መስታወት። በየከተማው የምትከራዩ ወንድሞችና እህቶች፣ ቤት ልታዩ ስትሄዱ ውኃና ሽንት ቤት ጠይቃችሁ አትመለሱ። ቀን ሂዱ፤ መብራቱን አጥፉ፤ በሩን ዝጉና ስልካችሁን ሳታበሩ የእጃችሁን መዳፍ ተመልከቱ። መዳፋችሁ ካልታያችሁ ዋጋው ላይ ተከራከሩ።

«ብርድ ነው፣ መስኮት አይከፈትም» የሚል ይመጣል። ማን ክፈት አለ? ላሜራው ላይ አንድ መስታወት ይግጠሙበት፤ ብርዱ ውጭ ቀርቶ ብርሃኑ ይገባል። «ሌባስ?» የሚል ካለ ብረት ፍርግርግ ለዚህ ነው የተፈጠረው። «ጎረቤት ያየናል» ለሚለው ስስ ነጭ መጋረጃ ይበቃል፤ ያ ከባድ ቀይ ቡርቱካንማ ከፋይ መጋረጃ ግን ጎረቤትን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ይጋርዳል። ለመስኮት ቦታ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አንዲት ብርሃን የምታሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ያስገባ። ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር እ.ኤ.አ በ2002 ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጣሪያ በስቶ አስገብቶ ቤቱን ቀን ቀን አብርቷል፤ ኋላም ፊሊፒንስ ውስጥ ብዙ ድሃ ሰፈር ተዳርሷል። (የእንጅባራን ዝናብ የሚችል ማሸጊያ ከተገኘ ማለቴ ነው። አለበለዚያ ብርሃኑም ዝናቡም አብረው ይገባሉ።)

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጢስ ነው፤ እሱን አልሸሽም። በእንጨትና በከሰል የሚያበስል ቤት ነጭ ከቀባ በስድስት ወሩ ጥቀርሻ ይሆናል፤ እውነት ነው። ታዲያ ግድግዳውን በስድስት ወር ያጠቆረ ጢስ የእናታችንን ሳንባ ምን እያደረገው ነው? ቡናማ ቀለም ጥቀርሻውን አልቀነሰውም፤ እንዳናየው ብቻ ነው ያደረገው። ነጩ ግድግዳ ሲጠቁር ቢያንስ «ጢሱ መውጫ ይሠራለት» የሚያስብል ነገር ይታያል። ደግሞ እርጥበት የሚያሻግተውን የክረምት ግድግዳ ኖራ ስትቀቡት ሻጋታውንም ይከላከላል፤ ዘይት ቀለም ይሄን አያደርግም። ገንዘብ ለሚለው፣ ኖራ ከዘይት ቀለም ይረክሳል። አያቴማ ኖራም አልገዛችም። በየዓመቱ ለቅዱስ ዮሐንስ ነጭ አፈር ከወንዝ ዳር አምጥታ ቤቱን ትለቀልቅ ነበር። የጭቃ ጎጆዋ ከእኛ የብሎኬት ሳሎን ይበራ ነበር ብል አታምኑኝም። ዓመት በዓል ሲመጣ ቤት መለቅለቅ የሚባለውን ልማድ «ኋላ ቀር» ብለን ጥለን፣ አምስት ዓመት የማይነካ ዘይት ቀለም አመጣን። ሥልጣኔ መሆኑ ነው።

ሌላው የሚገርመኝ የፈረሱ ነገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲወጡ አይታችኋል? ፈረሱ ግንባሩ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ኮርቻው ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው፤ ቀለም አይፈራም። ፈረሱ ጭቃ ላይ የሚሮጥ እንስሳ ነው፤ ለሱ ቆሻሻ ቻይ ያለው የለም። ማታ ግን ባለቤቱ ቡናማ ቤቱ ይገባል።

ትምህርት ቤቶቻችንን ብዙ አልነካም፤ ሁላችሁም ተቀምጣችሁበታል። ከወገብ በታች ጥቁር አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ድሮ ነጭ የነበረ ነገር፣ ሦስት መስኮት፣ ሁለቱ በላሜራ የተዘጉ። እ.ኤ.አ በ2015 ፒተር ባሬትና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ 27 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን፣ 153 ክፍሎችን ተመልክተው፣ ሕፃናቱ በአንድ ዓመት ባሳዩት እድገት ላይ ከታየው ልዩነት 16 በመቶው ከክፍሉ አሠራር ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል፤ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ የቀን ብርሃን ነው። ቀለምን በተመለከተ የወደዱትም ድምቅምቅ ያለውን አልነበረም፤ ፈካ ያለ ግድግዳ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ደማቅ ያለበትን ነው። እኛ «ዘንድሮ ውጤት ለምን ወረደ» ብለን ስብሰባ የምንቀመጥበት አዳራሽ ራሱ አምፖል ካልበራ ቃለ ጉባኤ የሚጻፍበት አይደለም።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ለምን መሰላችሁ? ባለፈው ሐምሌ እህቴ እናቷ ቤት መጥታ ወለደች። እንደ ደንቡ አራስ ቤት ተዘጋጀላት፤ የውስጠኛዋ ክፍል። ላሜራው ተዘጋ፣ በላዩ ጋቢ ተሰቀለበት፤ ብርድ እንዳይገባ፣ ምች እንዳይመታት፣ ክፉ ዓይን እንዳያርፍባት። ግድግዳው አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ያስቀባው ቆሻሻ ቻይ ነው። ገንፎው ገባ፣ ቅቤው ገባ፣ ሴቶቹ ገቡ፤ ብርሃን ብቻ አልገባም። እህቴ በአራተኛው ቀን ማልቀስ ጀመረች። «ምን ሆንሽ?» ስትባል «እኔ እንጃ» ትላለች። «አራስ ታለቅሳለች፣ ያለ ነው» ተባለ። ሕፃኗም ትተኛለች፣ ለመጥባት አትነቃም። «ጨዋ ልጅ ናት፣ አትረብሽም» ተባለ። እኔም ብዬአለሁ።

በአምስተኛው ቀን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዝናቡን ጥሳ መጣች። ገብታ ቆመችና፣ «ምንም አይታየኝም፣ እስቲ መስኮቱን ክፈቱልኝ» አለች። እናቴ አንገራገረች። ልጅቷ ግን «እማማ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» ብላ ራሷ ጋቢውን አነሳችና ላሜራውን ገፋችው። ሕፃኗን ወደ መስኮቱ አስጠግታ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረገች። ነጩ የዓይን ክፍል ቢጫ ነው። ደረቷን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ ቢጫ። እግሯም ቢጫ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ አልነግራችሁም።

አዲስ የተወለደ ልጅ ቢጫ መሆን ብዙ ጊዜ በራሱ የሚያልፍ ነው። ከልክ ሲያልፍ ግን አእምሮ ይጎዳል፤ እስከ ዕድሜ ልክ የመስማትና የመንቀሳቀስ ችግር ያደርሳል። ምልክቱን ቤት ውስጥ ለማየት ደግሞ የሚያስፈልገው የቀን ብርሃን ነው። ቡናማ ግድግዳ ባለው ክፍል፣ በአምፖል፣ ቢጫ ቆዳ ቢጫ አይመስልም። ሕክምናውም (ነገሩ ያስቃል) ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር አንዲት ሲስተር ጂን ዋርድ የሚሏት ነርስ ሕፃናትን ወደ ፀሐይ እያወጣች ሳለ ብርሃን ያገኘው ቆዳ ቢጫነቱ እንደሚለቅ አስተዋለች፤ ከዚያ ነው ዛሬ ሆስፒታል ያለው ሰማያዊ መብራት የመጣው። (በፀሐይ ቤት ውስጥ እናክማለን እንዳትሉ፤ ቢጫ ካያችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።) የእህቴ ልጅ ሰማያዊው መብራት ሥር ዓይኗን ታስራ ሦስት ቀን ተኛች። አሁን ደህና ናት፤ ጨዋነቱም ቀርቷል፣ ሌሊት ቤቱን ታተራምሰዋለች።

እህቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ወደ ውስጠኛዋ ክፍል አልገባም አለች። ደጃፉ ጋ ያለው ክፍል ተነጠፈላት፤ መስታወት ያለው መስኮት አለው። እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ማልቀሱ ወዲያው ቆመ ብል ውሸት ነው፤ ግን መስኮቱ ሥር ልጇን ታቅፋ፣ ዝናቡን እያየች መሳቅ የጀመረችውም እዚያው ነው።

ስለዚህ ዳንግላ ሱቅ ተራዬ ሲደርስ ባለሱቁ «ያው ቆሻሻ ቻዩን?» ሲለኝ «አይ፣ ነጭ ውኃ ቀለም፤ ለጓዳው ደግሞ ኖራ» አልኩት። ሁለቴ አስደገመኝ። ቤት ስደርስ አባቴ ቆርቆሮውን ከፍቶ አየና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ይሄ እኮ በሳምንቱ ነው የሚቆሽሸው» አለኝ።

«ይቆሽሽ። እናየዋለን፣ እናጥበዋለን።»

«ጋቢዬን ኖራ ሲያደርገውስ?»

ይሄ እንግዲህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ድርድሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ጳጉሜ 5 ቀን ቤቱ ተቀባ፤ ኮርኒሱ ነጭ፣ ሦስቱ ግድግዳ ነጭ፣ አራስ ቤት የነበረችዋ ክፍል ከላይ እስከ ታች ነጭ። ላሜራዋም መስታወት ተገጠመላት። ሳሎን ውስጥ አባቴ የሚቀመጥበት መደብ በስተጀርባ ግን፣ ከመቀመጫው እስከ ራሱ ቁመት፣ አንድ ክንድ ስፋት ያላት ቡናማ ቁራጭ ቀርታለች። እሷን አልነካም ብሏል።